ማፊ አሕመር

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። "ሰው ዘመዱን በሚያፈላልግበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ስለ ሞተር?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ከሞተር ተነስቶ ወደ አንዲት እናት ይሄዳል፤ ብዕር ያነሳሁትም ለእሳቸው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ ሱዳን ብዙ የቆየ ሰው የኛን አቆጣጠር ይምታታበታል።

እኔ የሞተር መካኒክ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት አገር ቤት፣ የግብርና ሠራተኞች ገጠር ለገጠር በሚነዷቸው ያማሃ ሞተሮች ላይ ነው። በመተማ በኩል ወጥቼ ካምፕ ከተመዘገብኩ በኋላ፣ እንደ ብዙዎቻችሁ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ሳልይዝ ካርቱም ገባሁ። መጀመሪያ የዴም ሰፈር ልጆች አስጠጉኝ። በኋላ ባሕሪ ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ጋራዥ ሥራ አገኘሁ። አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ፣ ሁላችንም "ሐጅ" ነበር የምንላቸው። ራክሻ ነበር በብዛት የምንሠራው፤ ራክሻ ማለት እኛ አገር ባጃጅ የሚባለው ነው።

በዚያን ጊዜ ካርቱም የሞተረኛ መተላለፊያ ነበረች። ከካይሮ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሚነዳ ፈረንጅ ሁሉ ከአስዋን በሳምንት አንዴ በምትመጣው ጀልባ ወዲ ሐልፋ ይወርድና፣ አሸዋውንና ድንጋዩን ሲጨርስ ካርቱም ገብቶ ያርፋል። ከዚያ በገዳሪፍና በገላባት አድርጎ ወደ ጎንደር። በ2007 ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን የተባሉት የፊልም ተዋንያንም ከስኮትላንድ ተነስተው በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ብዙዎቹ ድንኳን የሚተክሉት ጥቁር አባይ ዳር በሚገኘው የጀልባ ክበብ ነበር። በ1898 የኦምዱርማን ጦርነት ላይ የነበረችው ሜሊክ የምትባል የእንግሊዞች የጦር መርከብ እዚያው ግቢ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሐጁ እየላኩኝ ከሷ ጥላ ሥር ስንት ጎማ ጠግኛለሁ!

ከነዚህ ፈረንጆች አንዱ ግን መንገደኛ አልነበረም። ካርቱም ውስጥ ለአንድ ኩባንያ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ አረብኛ የሚሞካክር፣ አምሳ ዓመት የተጠጋው ሰው ነበር። በ2008 መጀመሪያ አንድ ሆንዳ 650 ገፍቶ ጋራዡ መጣ። ሆዱ ተቃጥሎ ነበር። ለካ ዳካር ራሊ የሚባለው ውድድር ላይ ሊሰለፍ ዓመታት ገንዘብ ሲያጠራቅም ኖሯል። ዳካርን ቲየሪ ሳቢን የሚባል ፈረንሳዊ ነው የጀመረው። በ1977 በሞተር ሳይክል ሊቢያ በረሃ ውስጥ ጠፍቶ፣ ከሞት ተርፎ ሲመለስ "ሌላውም ይቅመሰው" ያለ ይመስል በዲሴምበር 1978 ሰዎች ሰብስቦ ከፓሪስ ወደ ዳካር ነዳ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይካሄድ ነበር። የ2008ቱ ከሊዝበን ጃንዋሪ 5 ቀን ሊነሳ ነበር። ሞሪታንያ ውስጥ አራት ፈረንሳውያን ቱሪስቶች ስለተገደሉ፣ በዋዜማው ጃንዋሪ 4 ቀን ተሰረዘ። ሰውዬው የራስ ቁሩን እንዳንጠለጠለ ካርቱም ተመለሰ። በዓመቱ ውድድሩ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ፣ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ሳውዲ አረቢያ ነው። አፍሪካ ውስጥ እስካሁን አልተመለሰም።

እና ፈረንጁ "ዳካር ቢቀር ፈረዖኖች አለ" አለ። የፈረዖኖች ራሊ ከ1982 ጀምሮ ግብፅ ውስጥ ይካሄድ የነበረ የበረሃ ውድድር ነው። ከፒራሚዶቹ አጠገብ ተነስተው የምዕራቡን በረሃ ዞረው እዚያው ይመለሱ ነበር። ውድድሩ ክረምቱ ሲወጣ ነበርና ሰባት ስምንት ወር ቀረን። "ቀረን" ማለቴን ልብ በሉ። በስንተኛው ሳምንት "እሱ" ማለት ትቼ "እኛ" ማለት እንደጀመርኩ እኔም አላውቅም።

መዘጋጀት ማለት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። እኔ ሞተርን የማውቀው ሲበላሽ መጠገን ነው። እሱ ግን ያልተበላሸውን ያስፈታኛል። እያንዳንዱን ብሎን አውጥተን አጽድተን፣ እንዳይላላ የሚያደርገውን ሙጫ ጠብ አድርገን፣ በልክ አጥብቀን እንመልሳለን። ከዚያ ቀይ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ነክሬ፣ ከብሎኑ ራስ ጀምሬ እስከ ተቀመጠበት ብረት ድረስ አንዲት መስመር አሰምራለሁ። ብሎኑ በንዝረት ትንሽ ከዞረ መስመሯ ትሰበራለች። ማታ በባትሪ መብራት እየዞርክ ማየት ብቻ ነው፤ መፍቻ አያስፈልግህም። ይቺን ብልሃት እስከ ዛሬ እሠራባታለሁ፣ እዚህ ካምፕ ውስጥ ያላችሁ ባለሞተሮች ቀይ ቀይ መስመሮቼን ታውቋቸዋላችሁ።

ሁለተኛው ጠላታችን አቧራ ነበር። ሐቡብ ሲነሳ ካርቱም እንዴት እንደምትሆን ያየ ያውቀዋል፤ ቀኑ ቡናማ ሌሊት ይሆናል። ሞተር የሚሞተው ያንን ተንፍሶ ነው። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በዘይት ይታሻል፣ አፉ ዙሪያውን ግራሶ ይቀባል፣ ታሽተው የተዘጋጁ ትርፍ ስፖንጆች በፌስታል ይታሸጋሉ። በላዩ ደግሞ የሴት ስቶኪንግ ይለብሳል፣ ደቃቁን አቧራ ይይዛልና። ሱቅ አል አረቢ ሄጄ ስድስት ስቶኪንግ በአንዴ ስገዛ ባለሱቁ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

ሦስተኛው ጎማ ነው። ውድድሩ ላይ ካላማዳሪያ አይጠቀሙም፣ በአየር ምትክ ጎማው ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ነገር ይጠቀጥቃሉ፤ እሾህ ቢወጋውም አይተነፍስም። ለልምምድ ግን ውድ ነበርና በወፍራም ካላማዳሪያ ነበር የሚነዳው። እና ያስለማመደኝ ነበር! እኔን ጎሚስታውን! መብራት አጥፍቶ በጨለማ ጎማ ማውለቅና መክተት። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ በኋላ እሱ ራሱ ከኔ ጎን ተቀምጦ በጨለማ ሲታገል ሳይ ነገሩ ገባኝ። በረሃ ላይ እኔ አልኖርም። የኔ እጅ ወደሱ እጅ መግባት ነበረበት። አሸዋ ላይ ንፋሱን ወደ አንድ ባር ግድም እንደሚያወርዱት፣ የፍሪሲዮን ገመድ ቢበጠስ ብለው ሁለተኛውን ገመድ አስቀድመው ከደህናው ጎን ዘርግተው እንደሚያስሩት፣ እነዚህን ሁሉ የቀዳሁት ከሱ ነው።

መንገዱን የሚያገኙበት ዘዴ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ያኔ ማታ ማታ ለነገው የሚሆን የወረቀት ጥቅል ይሰጣቸው ነበር። ጥቅሉ መሪው ላይ ከሚታሰር ሳጥን ውስጥ ይገባና በጣት እየተሽከረከረ ይነበብ ነበር። ይህን ያህል ኪሎሜትር ስትሄድ ቀኝ፣ እዚህ ጋ ጉድጓድ፣ እዚህ ጋ ደረቅ ወንዝ፣ በኮምፓስ ይህን ያህል ዲግሪ። ሰውዬው የልምምድ ጥቅል እየሣለ ያመጣልኛል፣ እኔ በፕላስተር አያይዛለሁ። ኋላ ላይ ፍላጻዎቹን እኔ መሣል ጀመርኩ፣ የኔ ይበልጥ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

የሚለማመደው ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ባለው ሜዳ ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በፒክ አፕ የተከተልኩት፤ ኬላውን ስናልፍ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ልቤ ከሞተሩ በላይ ትደልቃለች። አሸዋው ጋ ስንደርስ ግን የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። ያ መንገድ ወደ ሊቢያ የሚያወጣው መንገድ ነው። አብረውኝ ዴም ሲኖሩ ከነበሩት ልጆች ሁለቱ በዚያ ወጥተው፣ አንዱ ብቻ ነው የደወለው። ፈረንጁ ጀርባው ላይ ሦስት ሊትር ውሃ አዝሎ፣ የጉልበትና የደረት መከላከያ ታጥቆ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚገባበት በረሃ ነው፤ የኛ ልጆች ደግሞ ገንዘብ ከፍለው በላንድ ክሩዘር ጭነት ላይ በእንጨት ተደግፈው የሚያቋርጡት። አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኩት። ሞተሩን አጥፍቶ ብዙ ዝም አለ። ምንም አላለም፤ ባይናገር ይሻል ነበርና አልከፋኝም።

ሜይ 10 ቀን 2008 የዳርፉር ታጣቂዎች ኦምዱርማን ድረስ ገቡ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ኬላው በዛ፣ በምዕራብ በኩል መለማመድ ቀረ። ለኛ ለስደተኞቹ ደግሞ ካሻው ባሰ። ካሻን ለናንተ አላብራራም፤ መኪናው ሲቆም የሮጠ ያውቀዋል። ጋራዥ ውስጥ ማደር ጀመርኩ።

ውድድሩ ሲቃረብ ፈረንጁ "ግብፅ አብረኸኝ ና፣ መካኒኬ ሁን" አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ጠዋት ያለችኝን የስደተኛ ካርድ አሳየሁት። አገላብጦ አያትና "በዚህ ድንበር አይታለፍም?" አለኝ። "በዚች ድልድይም አይታለፍም" አልኩት፣ ከባሕሪ ወደ ካርቱም የሚያሻግረውን ማለቴ ነው። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሞተሩ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወዲ ሐልፋ በሚሄድ ጭነት መኪና ሊጫን ነበር፤ ጀልባዋ ረቡዕ ነው የምትነሳው። ሐሙስ ማታ የቀረኝ የኋላው ጥርስ ብቻ ነው፣ ካቴናው የሚዞርበት ማለቴ ነው። አዲስ ጥርስ አስገብቼ ስድስቱን ብሎኖች በእጄ ብቻ አዞርኳቸው። ሙጫው አልቆ ስለነበር ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ሁለት መንገድ ተሻግሬ መኪናው አጠገቤ ቆመ። በእጄ የነበረውን ባዶ የሙጫ ጠርሙስ እንኳ ተቀበሉኝ። አንድ ጣቢያ ወስደው አርባ ከምንሆን ሰዎች ጋር ግቢ ውስጥ አስቀመጡን። ስልክ የለም።

መታሰሩ ለኔ የመጀመሪያዬ አይደለም። ያን ሌሊት ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሐጁ የእኔን ሥራ ያምናሉ፣ አይፈትሹም። ካቴናው ተጎትቷል፣ ጎማው ተጠርጓል፣ ላየው ሰው ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላል። ሰውዬው በዚያ ፍጥነት ድንጋይ ላይ ሲሆን ብሎኖቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ጥርሱ ይላቀቃል፣ ካቴናው ተጠቅልሎ የኋላ ጎማውን ይነክሳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሞተር የሚነዳ ያውቀዋል። ግድግዳውን ተደግፌ ሌሊቱን ሙሉ ያንኑ ሳይ አደርኩ። ሰባት ወር ተዘጋጅተን ሰው የምገድል እኔ ልሁን?

አርብ ጠዋት ለጠባቂዎቹ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ገቡ። የኛ ሰው ናቸው፣ የጎንደር። ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ፣ ነጠላቸውን እንደ ሱዳኖቹ ቶብ ጠቅለል አድርገው ለብሰውታል። ለኛም በየተራ ሻይ ሰጡን፣ ገንዘብ አልጠየቁም። እኔ ጋ ሲደርሱ "እትዬ፣ ባሕሪ ይሄዳሉ?" አልኳቸው።

"ባሕሪ? ዛሬ አርብ?"

"ሰው ይሞትብኛል" አልኳቸው። እንዴት እንደማስረዳቸው ጨነቀኝ። ጥርስ ብላቸው የሰው ጥርስ ይመስላቸዋል፣ ካቴና ብላቸው ደግሞ እጃችንን የሚያስሩበትን ነው የሚያስቡት። በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው፤ "ሐጁን ያግኙልኝ። ሞተሩ ላይ ብሎኑ ሁሉ ቀይ ተቀብቷል። ስድስቱ ቀይ የላቸውም በሏቸው። ይኸው ነው።"

"ስድስት፣ ቀይ የለም" አሉ። "በአረብኛ ምን ልበል? ሲታ፣ ማፊ አሕመር?"

"ሲታ፣ ማፊ አሕመር!"

ብርጭቆዬን ተቀብለው ወጡ። ይሂዱ አይሂዱ አላወቅሁም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የሰማሁት ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሐጁ መቀጫውን ከፍለው ሲያስፈቱኝ ነው። እትዬ ምድጃቸውንና ብርጭቆዎቻቸውን ለአንዲት ልጅ አደራ ብለው፣ ሁለት አውቶቡስ ይዘው ባሕሪ ደረሱ። ጋራዡ ዝግ ነው፣ አርብ ነዋ! ሰው ቢጠይቁ ሐጁ መስጊድ ናቸው ተባለ። እኚህ የመስቀል ንቅሳት ያላቸው ሴትዮ መስጊዱ በር ማዶ ጥላ ይዘው ቆሙ። ሰዉ ሰግዶ ሲወጣ የሚያነክስ ሽማግሌ ሁሉ ባዩ ቁጥር እየተከተሉ "ሲታ፣ ማፊ አሕመር!" ይላሉ። ሁለት የማይመለከታቸው ሽማግሌዎች ዕብድ ናት ብለው ሳንቲም ሰጥተዋቸዋል። ሦስተኛው ሐጁ ነበሩ።

ሐጁ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ያንን የአርብ ነጭ ጀላቢያ እንደለበሱ ጋራዡን ከፍተው፣ ከጎረቤት ሙጫ ለምነው፣ ብሎኖቹን አውጥተው በልክ አጠበቁ፣ በኔ ብሩሽ ቀይ አሰመሩ። ጀላቢያው ላይ የተንጠባጠበው ቀለም እስከመጨረሻው አለቀቀም። ሐጁ የማይወዱት እንግዳ ሲመጣ ያንን ጀላቢያ እየለበሱ ይህንኑ ታሪክ ያወሩ ነበር።

ፈረንጁ ውድድሩን አልጨረሰም። በአራተኛው ቀን ከአሸዋ ክምር ጫፍ ላይ ወድቆ የእጅ አንጓው ተሰበረ። ክንዱን በጀሶ አስሮ ሲመጣ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁት የሰውዬውን እጅ ሳይሆን የሞተሩን የኋላ ጥርስ ነው። ስድስቱም ቀይ መስመሮች ሳይሰበሩ ቆመዋል። ሞተሩ ላይ አንድም ብሎን አልተፈታም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሱም ገብቶት፣ በደህናው እጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ የሦስተኛውን ቀን የመንገድ ጥቅል ሰጠኝ። በቀለም እስክሪብቶ አደገኛውን ቦታ ሁሉ ቀይ አድርጎታል፣ የኔን ዘዴ ነው የተጠቀመ። በዓመቱ ሥራው አልቆ ካርቱምን ለቀቀ።

እትዬን ላመሰግን ስሄድ በቦታቸው አልነበሩም። ሌላዋ ሻይ ሻጭ ናት የነገረችኝ። ያን አርብ እሳቸው ባሕሪ እያሉ አፋሾች መጥተው ልጅቷ ሮጠች፣ ምድጃው፣ ማንቆርቆሪያው፣ ብርጭቆው፣ ሁሉም በመኪና ተወሰደ። አንድም ቃል አልነገሩኝም! ፈልጌ ጅሬፍ ውስጥ ሰው ቤት እንጀራ ሲጋግሩ አገኘኋቸው። ገንዘብ ብሰጣቸው አልቀበልም አሉ። አዲስ ማንቆርቆሪያና ደርዘን ብርጭቆ ገዝቼ በራቸው ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ምድጃውን በሚቀጥለው ወር እገዛለሁ ብዬ ነበር። የሚቀጥለው ወር የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ ብዙ ዓመት ሆነ። በበዓል በበዓል እደውልላቸዋለሁ፣ ስልኩን ሲያነሱ "ማፊ አሕመር!" ነው የምላቸው። እሳቸውም "ልጄ፣ ዛሬስ ማን ፈታው?" ይሉና ይስቃሉ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጠዋት ጦርነቱ ሲጀመር እኔ ባሕሪ ነበርኩ። የወጣሁት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፣ ከሁለት ልጆች ጋር በአንድ ሞተር፣ ወደ መዳኒ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ። ከመነሳታችን በፊት ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ብሎኖቹን በባትሪ አየኋቸው፣ ትርፍ የፍሪሲዮን ገመድ ከደህናው ጎን አሰርኩ፣ ስፖንጁን በዘይት አሸሁ፣ ስድስት ሊትር ውሃ ጫንን። ልጆቹ "ሰው እየሞተ ምን ትጎረጉራለህ?" እያሉ ተቆጡኝ። አንዴም ሳንቆም ደረስን ብዬ አልዋሽም፤ ሁለት ጊዜ ጎማ ተንፍሶብን አንዱን በጨለማ ቀይሬዋለሁ። ስልኬን ግን በመጀመሪያው ኬላ ላይ ወሰዱት። የእትዬ ቁጥር እሱ ውስጥ ነበር። ሐጁ ደግሞ ቤቴን አልለቅም ብለው ቀርተዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሕመም እንዳረፉ ሰማሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ይህ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ካምፕ እንደሚደርስ አውቃለሁ። እኚህ እናት ዛሬ ሰባ ቢደፍኑ ነው። ቀጠን ያሉ፣ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ናቸው። ጅሬፍ ብዙ ዓመት ኖረዋል፣ ሻይም እንጀራም ሸጠዋል። በገዳሪፍ በኩል ወጥተው ይሆናል፣ ወደ አገር ቤትም ተሻግረው ይሆናል፣ ወደ ግብፅ የሄዱ ሰዎች ውስጥም ሊኖሩ ይችላሉ። ያየ ሰው ለዚህ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል መልእክት ይተውልኝ። እውነት እሳቸው መሆናቸውን ለማወቅ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም። ጠጋ ብላችሁ "ሲታ" በሏቸው። የቀረውን እሳቸው ይጨርሱታል። የምድጃው ገንዘብ እኔ ጋ እንዳለም ንገሩልኝ።